ኢንተርኔቱ እምቢ ሲል ኮምፒውተሩን ከመፍታትዎ በፊት ስልኩን ያንሱ

ባሕር ዳር ላይ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር ቶሎ ከሚታመሙ ነገሮች አንዱ የቤት ስልክ መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ሰክቶ በዳያል አፕ፣ ማለትም በስልክ ጥሪ በሚገናኝ ኢንተርኔት፣ የሚጠቀም ቤተሰብ ግን ሕመሙን የሚያየው በስክሪኑ ላይ ነው። መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍና አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ብቅ ይላል። ጽሑፉ የወጣው ከኮምፒውተሩ ስለሆነ ጥፋተኛውም ኮምፒውተሩ ይመስላል። ማሽኑ ተነቅሎ በባጃጅ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ ዊንዶውሱ ተደምስሶ እንደገና ይጫናል፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍና የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይደመሰሳል፤ ሂሳቡም ይከፈላል። ቤት ተመልሶ ሲሰካ ያው ቁጥር ይመጣል።

ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ካየኋቸው ብልሽቶች የአብዛኞቹ መነሻ ከኮምፒውተሩ ውጭ ነበር፤ መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ቦታ ሞደሙ እስከሚሰካበት ሶኬት ባለው ጥቂት ሜትር ሽቦ ላይ። ይህን ለመመርመር ደግሞ አንድ ተራ ስልክ፣ አንድ ካቻቢቴና የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃል።

መስመሩ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው

የስልክ መስመር ሲዘረጋ የታሰበው ንግግር እንዲያሳልፍ ነው። ስለዚህ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የሚገኘውን ድምፅ ብቻ ያስተላልፋል፤ የሰው ቃል ለይቶ ለመስማት ይህ በቂ ነው። ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። ሞደም የሚባለው ዕቃ የ0 እና የ1ን ረድፍ በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ወደሚያልፍ ድምፅ ይለውጠዋል። ኢንተርኔት ሰጪው ዘንድ ያለው ሌላ ሞደም ደግሞ ድምፁን መልሶ ወደ 0 እና 1 ይፈታዋል። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ ሰው ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ፍጥነቱ የሚወሰነውም በዚሁ ጥበት ነው። ጥሪዎችን የሚያገናኘው የቴሌ ማዞሪያ ጣቢያ የሚደርሰውን ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ8 ቢት ይመዘግባል። 8,000 በ8 ሲባዛ 64,000 ይሆናል፤ በአንድ የስልክ ጥሪ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው መረጃ ከዚህ አይበልጥም። ሞደሙ ላይ 56 ኪሎቢት ተብሎ የተጻፈው ቁጥርም እዚህ ጣሪያ ሥር የሚገኝ ነው፤ የሚሠራውም ከኢንተርኔት ወደ ቤት ለሚመጣው ብቻ ነው። ከቤት የሚወጣው ቪ.90 በሚባለው የ56 ኪሎቢት ደንብ በሚሠራ ሞደም ከ33.6 ኪሎቢት አያልፍም። በጥሩ መስመር ላይ እንኳ ሙሉ 56 ማግኘት አይጠበቅም፤ ስለዚህ 42 ወይም 44 ያሳየ ኮምፒውተር የተበላሸ ነገር የለውም።

ሁለት ሞደሞች ሲገናኙ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ገበያ መንገድ ላይ እንደ ተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድመው ሰላምታውን ያወርዱታል፤ ከየት ነህ፣ ምን ትችላለህ፣ መንገዱስ እንዴት ነው ይባባላሉ። ሰው የሚሰለቸው ያ የፉጨትና የሽሽታ ጋጋታ ይህ መጠያየቅ ነው። ብዙ ሰው ጆሮ ያሰለቻል ብሎ የሞደሙን ድምፅ ያጠፋዋል። እባክዎ መልሰው ይክፈቱት፤ በዊንዶውስ ውስጥ ከሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይገኛል። ከየትኛውም የጥገና ፕሮግራም የተሻለ መርማሪ እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉን ለሚያዳምጥ ሰው ነገሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሞደሙ መስመሩን ያነሣል፤ ተራ ስልክ ሲነሣ የሚሰማው ያው የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል። ይህ ካልተሰማ ጉዳዩ የሽቦ ነው፤ ሌላ ነገር መነካካት አያስፈልግም። ቀጥሎ ቁጥሮቹ በፍጥነት ይደወላሉ። ቁጥሮቹ ከተደወሉ በኋላም የመስመሩ ድምፅ ካልተቋረጠ ማዞሪያ ጣቢያው ቁጥሩን አልተቀበለም ማለት ነው። እንደ አሮጌው ባለ ክብ መደወያ ስልክ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚደውል ከሆነም በማስተካከያው ውስጥ ወደ ቶን መደወያ ይቀየር። ከዚያ ይጠራል። ከወዲያኛው ወገን አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ፉጨት ይመለሳል። ይህ ፉጨት 2,100 ኸርዝ ሲሆን በመሐሉ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ ትንሽ ቅጭት ይሰማል። ለሰው ንግግር ሲባል በረጅም መስመሮች ላይ የተገጠሙት የማስተጋባት ማጥፊያዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ የሚያዝዘው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አጫጭር ጩኸቶች፣ በመጨረሻም ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን እየለኩ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል የሚወስኑበት ጊዜ ነው። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ድምፅ ማጉያው ስለ ተዘጋ ነው፤ መረጃው መፍሰስ ጀምሯል።

ሽሽታው አንዴ አልቆ እንደገና ከጀመረ፣ እንደገናም ከቆመና ከተደጋገመ፣ ሞደሞቹ መስማማት አቅቷቸዋል። ይህን ጊዜ መስመሩ ውስጥ ቆሻሻ ድምፅ አለ ብዬ እጀምራለሁ፤ ብዙ ጊዜም ያው ሆኖ ይገኛል።

አስቀድሞ መደረግ ያለበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሞደሙ የሚደውልበትን ቁጥር ከተራ ስልክ ላይ ይደውሉ። ያ ረጅም ፉጨት ጆሮዎ ውስጥ ከገባ የወዲያኛው ወገን በሕይወት አለ። ቁጥሩ አይሠራም የሚል የተቀዳ ድምፅ ከመጣ ግን ቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም፤ የሚጠየቀው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ባዶውን መስመር ማዳመጥ

አሁን ወደ ዋናው ምርመራ እንግባ። ስልኩን ያንሱ። የመስመሩ ድምፅ ሲመጣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ 1ን፣ ይጫኑ። ድምፁ ይቆማል፤ ለጥቂት ሰከንዶችም መስመሩ ባዶ ይሆናል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ትንፋሽዎን ውጠው ያዳምጡ። ጤናማ መስመር ጭጭ ይላል።

የሚንጣጣ ድምፅ ካለ የላላ ወይም የዛገ ቅጥያ አለ። እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ እርጥብ ግድግዳ ወይም መሬት ነክቷል፤ ወይም የስልኩ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር ተጣብቆ ረጅም መንገድ ሄዷል። የሌላ ሰው ወሬ በሩቁ ከተሰማ ደግሞ ብዙ መስመሮች አብረው በሚሄዱበት ኬብል ውስጥ ውኃ ገብቷል። ይህ ከቤትዎ አቅም በላይ ነው፤ የቴሌ ሥራ ነው።

ለወሬ ከሆነ ትንሽ መንጣጣት ችግር የለውም። "ነገ እንመ... ን" የሚል የተቆረጠ ቃል ብንሰማ የጎደለውን አእምሯችን ይሞላዋል። ሞደም ግን ገምቶ አይሞላም። አንዲት ቅጭት በገባች ቁጥር ያንን የመረጃ ክፍል ጥሎ እንደገና ይላክልኝ ይላል። ቅጭቱ ሲበዛ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስም መስመሩን ዘግቶ ይወጣል። "ስልኩማ በደንብ ያስወራል" የሚለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

የአየር ሁኔታውንም አብረው ይከታተሉ። ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር ጠዋት የሚንጣጣና ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲመታው የሚሻለው መስመር ውኃ የሚገባበት ቅጥያ አለው። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለማይለቅ ይህ ዓይነቱ ብልሽት እዚህ የዘወትር ነው። ሌላው ምልክት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ አንድ ሰው ወደ ቤትዎ ደውሎ ስልኩ ከጮኸ በኋላ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ጥርት ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይበላሻል። ስልኩን የሚያስጮኸው ኤሌክትሪክ ከተለመደው ከፍ ስለሚል በዛገው ቅጥያ ላይ የተጋገረውን ሽፋን ለጊዜው ሰብሮት ያልፋል። "ሰው ሲደውልልን ኢንተርኔቱ ይሻለዋል" ያለኝ ሰው ካለ ሽቦ ፍለጋ እሄዳለሁ እንጂ ኮምፒውተሩን አልከፍትም።

ጥፋቱ ከቤት ውስጥ ነው ወይስ ከቤት ውጭ? ይህን ለመለየት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይንቀሉ፤ የሳሎኑን ስልክ፣ የመኝታ ቤቱን፣ ፋክስ ካለ ፋክሱን፣ ሞደሙንም። አንድ ደህና ስልክ ብቻ በአጭር ሽቦ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ ሰክተው ያዳምጡ። እዚያም ከተንጣጣ ቴሌን ይጥሩ። እዚያ ጭጭ ካለ በሽታው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የነቀሏቸውን አንድ በአንድ እየመለሱ በየመሐሉ ያዳምጡ። አንዱ ላይ ይይዙታል።

ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሞደሙ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ ተብለው ነበር። ባዶውን መስመር ሳዳምጥ ከመጀመሪያው ሶኬት ላይ ጭጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ካለበት ክፍል ይንጣጣል። ሽቦውን ተከትዬ ወጣሁ። ወደዚያ ክፍል የተቀጠለው መስመር በጣራው ጠርዝ ሥር ያልፍ ነበር፤ መገጣጠሚያው በእጅ ተጠምዝዞ በፌስታል ተጠቅልሏል። ዝናብ እንዳይነካው የተባለው ፌስታል ውኃውን አቁሮ ይዞት ነበር። ሲፈታ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ በመሐሉ ጉንዳኖች ቤት ሠርተዋል። አንደኛው ሽቦ በጣት ሲነካ ተበጠሰ።

"ጋሼ፣ ሞደሙ ምንም አልሆነም" ስላቸው "ታዲያ ለምን ግዙ አሉኝ?" አሉ፤ መልስ አልነበረኝም። የዛገውን ቆርጠን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ላጥነው፤ በስልክ ሽቦ ማያያዣ ገጠምነው፤ መገጣጠሚያውንም ወደ ቤት ውስጥ አስገባነው። ሽቦው ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ትንሽ እንዲረግብ አደረግነው። እንዲህ ሲሆን ዝናቡ በሽቦው ላይ ወርዶ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ወደ ውስጥ አይገባም። ለሐይቅ ዳር ከተማ ይህች መርገብ ከውድ ዕቃ ሁሉ ትበልጣለች። መገጣጠሚያን በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ደጅ መተው ግን አይበጅም፤ የናስትሮው ሙጫ በፀሐይ ይለቅና እርጥበቱ ይገባል።

ከሽቦው ጋር ሲሠሩ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልኩ ሳይነሣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ገደማ አለ፤ ሲጮህ ደግሞ ወደ 90 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። በደረቅ እጅ አይገድልም፤ በእርጥብ እጅና መሰላል ላይ ሆነው ግን ደንግጠው ሊወድቁ ይችላሉ። ደመና እያጉረመረመ ከሆነ ጨርሶ አይንኩት። ከምሰሶው እስከ ቤትዎ የሚመጣውንም ሽቦ ለባለቤቱ ለቴሌ ይተዉለት።

ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሱት መስመሩ ጭጭ ካለ በኋላ ነው

መጀመሪያ ቀዳዳውን ይዩ። ሞደሙ ሁለት ቀዳዳ ካለው አንዱ ከግድግዳው ለሚመጣው መስመር ነው፤ ሌላው ተራ ስልክ ለማስከተል ነው። ተገላብጦ የተሰካ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሰፋ ያለው የኔትወርክ ቀዳዳም የስልክን መሰኪያ ስለሚቀበል ያሳስታል፤ እዚያ የተሰካ መስመር ኢንተርኔት አያመጣም፤ ስልኩ ሲጮህ የሚመጣው ኃይልም የኔትወርኩን ካርድ ሊጎዳ ይችላል።

ከአዲስ አበባ የተገዛ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ የመደወያ ደንቡን ይመልከቱ። ዊንዶውስ ያለበትን ቦታ በአካባቢ መለያ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ማሽኑ ውስጥ የአዲስ አበባው 011 ተመዝግቦ ከቀረና እርስዎ ባሕር ዳር 058 ላይ ሆነው ከደወሉ የከተማውን ቁጥር እንደ ሩቅ አገር ጥሪ ቆጥሮ ከፊቱ ቁጥር ሊጨምርበት ይችላል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው "እየደወለ ነው" ብቻ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም። ከውጭ አገር የመጣ ሞደም ደግሞ የዚያን አገር የመስመር ድምፅ ይጠብቃል። የእኛን ሲሰማ አያውቀውምና ድምፅ የለም ብሎ ያቆማል፤ እርስዎ ግን በጆሮዎ ይሰሙታል። በማስተካከያው ውስጥ ከመደወል በፊት የመስመር ድምፅ ጠብቅ የሚለውን ምልክት ያንሡለት፤ ወይም ለሞደሙ ተጨማሪ ትእዛዝ በሚጻፍበት ቦታ ኤክስ 3 የሚለውን በላቲን ፊደል ያስገቡ። ትርጉሙ ሳትጠብቅ ደውል ነው።

የስህተት ቁጥሮቹ ሲታወቁ ያን ያህል አያስፈሩም። 680 የመስመር ድምፅ የለም ነው፤ ወደ ሽቦው ይመለሱ። 676 መስመሩ ተይዟል፤ ጥቂት ቆይቶ መደወል ነው። 678 ከወዲያ የሚመልስ አልተገኘም። 633 ሞደሙን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ የፋክስ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይፈታዋል። 691 ከሁሉም የተለየ ነው፤ ሞደሙም መስመሩም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ያልተስማማው የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ነው። ትልቁንና ትንሹን ፊደል የሚያቀያይረው ቁልፍ በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ኪቦርዱም ወደ አማርኛ ተቀይሮ እንዳልቀረ ያረጋግጡ፤ የይለፍ ቃሉ ስለማይታይ ፊደሉ ግእዝ ይሁን ላቲን አይለይም።

ዊንዶውስ መደምሰስን አጥብቄ የምቃወምበት ሌላም ምክንያት አለ። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ የተገጠሙት ርካሽ ሞደሞች ሥራቸውን የሚሠሩት ድራይቨር በሚባለው ማዘዣ ፕሮግራም ነው፤ ያለ እሱ ዕቃው ሙት ነው። ዊንዶውሱ ሲደመሰስ ድራይቨሩ አብሮ ይሄዳል። ከኢንተርኔት እንዳይወርድ ደግሞ ኢንተርኔቱ በእሱ የሚመጣ ነው። ጠጋኙ ሲዲው ከሌለው ቤተሰቡ የነበረውንም ያጣል።

ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይከፈትም

ይህ ሰው የሚያብድበት ቦታ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ሁለቱ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ይታያሉ፤ ደቂቃው ይቆጥራል፤ ገጹ ግን ባዶ ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ፒንግ በሚለው ትእዛዝ አንድ የታወቀ አድራሻ በቁጥር ይሞክሩ፤ 8.8.8.8 ለዚህ ይመቻል። በቁጥር መልሶ በስም ካልመለሰ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት፣ ዲ.ኤን.ኤስ የሚባለው፣ አልሠራም። በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ በእጅ የተሞላ አሮጌ የዲ.ኤን.ኤስ ቁጥር ካለ ያጥፉትና ከአገልግሎት ሰጪው በራሱ እንዲቀበል ያድርጉት።

በስምም በቁጥርም እየመለሰ ገጹ እምቢ ካለ ሰዓቱን ይመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ባለው የዲጂታል ምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. 2002 ላይ ያለ የሚመስለው ኮምፒውተር ወረቀቱን ሲያይ ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ በሩን ይዘጋል። በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ ተጨማሪ መንገድ አለ፤ ሰው ባትሪውን ቀይሮ ቀኑን ሲሞላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል። ዓመተ ምሕረቱ ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በአውሮፓ ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ጉግል አይከፈትም፣ ኢሜይል አይከፈትም፣ ጥፋቱም ሁሉ ወደ መስመሩ ይጣላል። ባትሪዋ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ዓይነት ናት፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅሎ ለመለወጥም ደቂቃ አይፈጅም። ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ይሙሉ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ 8 ብለው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ገጾች እምቢ ካሉ ያረጀው ማሰሻው፣ ገጾቹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ መደበኛ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው፤ ከእሱ ጋር የመጣው አሮጌ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የዛሬዎቹ ገጾች የሚጠይቁትን ምስጠራ አያውቅም። ለኤክስፒ ከወጡት የመጨረሻው የሆነው ፋየርፎክስ 52 ብዙዎቹን ይከፍታል፤ በሰው ፍላሽ አምጥቶ መጫን ይሻላል። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ አይሥሩ። ለኢሜይልና ለንባብ ይሁን።

ስለ መዘግየት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሰከንድ 5 ኪሎባይት የሚያወርድ መስመር 1 ሜጋባይት ለማምጣት ሦስት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ በፎቶ የተሞላ ገጽ 2 ሜጋባይት ቢመዝን ሰባት ደቂቃ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ማሰሻው ፎቶዎችን እንዳይጭን ማድረግና ከጀርባ ሆነው መስመሩን የሚጠጡትን፣ የዊንዶውስንና የፀረ ቫይረስን ማሻሻያ፣ ማቆም ብዙ ያቃልላል። በየጊዜው እየተቋረጠ የሚያስቸግር ከሆነ ሌላ ስልክ ከሌላ ክፍል የሚያነሣ ሰው እንዳለ፣ በመስመሩ ላይ ሁለተኛ ጥሪ የሚያስገባ አገልግሎት እንደ ተከፈተ፣ ወይም ዊንዶውስ ሥራ ሲፈታ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋ ታዝዞ እንደሆነ ያጣሩ። መስመሩ ራሱ ደካማ ከሆነም ሞደሙን ከቪ.90 ወደ ቀድሞውና ዘገም ወደሚለው ደንብ ወደ ቪ.34 ማውረድ ይረዳል፤ በ28 ኪሎቢት ሳይቋረጥ የሚቆይ ግንኙነት በ44 ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ከሚጠፋው ይሻላል።

መብረቅ

ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ሞደም ከመብራትም ከስልክ መስመርም ጋር በአንድ ጊዜ የተያያዘ ስለሆነ መብረቅ ሲመጣ ከሁለቱም በኩል ይመታል። ብዙ ሰው ስታቢላይዘር ስላለው የተጠበቀ ይመስለዋል። ስታቢላይዘር የመብራቱን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ በስልኩ ሽቦ የሚመጣውን አያይም። የመብራት ቁልፉን ማጥፋትም አይበቃም። በሐይቁ ላይ ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓዱ ሲጀምር የመብራቱንም የስልኩንም መሰኪያ ይንቀሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ይህን ልማድ ያድርጉት። ከመብረቅ በኋላ ስልኩ በደንብ እየሠራ ሞደሙ ብቻ የመስመር ድምፅ የለም ካለ ያን ጊዜ ሞደሙ ተቃጥሏል ማለት ይቻላል፤ አዲስ የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው።

በኤ.ዲ.ኤስ.ኤል፣ ያለ ጥሪ በስልክ ሽቦ በሚመጣው ፈጣን ኢንተርኔት፣ የሚጠቀሙ ሰዎችም ከዚህ ውስጥ ብዙው ይመለከታቸዋል፤ የሚሄደው በዚያው የመዳብ ሽቦ ላይ ነው፣ ድምፁ ከሚያልፍበት ክልል በላይ ባለው ቦታ። የሚንጣጣ መስመር ለእሱም በሽታ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ በየፊታቸው ማጣሪያው መኖሩን ያረጋግጡ፤ አንድ ስልክ ያለ ማጣሪያ ከተሰካ ሰው በደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ዲ.ኤስ.ኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ የሽቦ ነው፤ ጸንቶ በርቶ የኢንተርኔቱ መብራት ካልበራ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይመልከቱ።

ምርመራው ጥፋቱ ከቤት ውጭ መሆኑን ካሳየ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ሲደውሉ "ኢንተርኔት አይሠራም" ብለው አይጀምሩ። እንዲህ ከተባለ ጥያቄው ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል። "የቤት ስልኬ ይንጣጣል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅዬ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ በአንድ ስልክ ብቻ ሞክሬዋለሁ፤ ከዝናብ በኋላ ይብሳል" ይበሉ። የመስመር ሠራተኛ ከምሰሶው የሚጀምረው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ነው። ሲመጣም፣ ከተቻለ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት እንዲሆን ይጠይቁ፤ በደረቅ ቀትር መጥቶ ጭጭ ያለ መስመር ካገኘ ምንም የለበትም ብሎ ይሄዳል። ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ መሰላሉን ከማጠፉ በፊት አንድ ቁጥር ተጭነው ባዶውን መስመር አብረው ያዳምጡ።